አሥራ ሰባት ዙር ለአንድ ወንበር

የይመር አበጋዝ የመጀመሪያ ፈተና አርባ ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ነበር።

«ውድ ተወዳዳሪ፣ እንኳን ወደ አንደኛው ዙር በደህና መጡ» አለው የሠራተኛ መልማዩ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ። «በዚህ ዙር ምንም አይጠየቁም። እባክዎ ይቀመጡ።»

ተቀመጠ። እንደ እውነቱ ከሆነ ለዚህ ፈተና ከእሱ የበለጠ የተዘጋጀ ሰው ኮምቦልቻ ውስጥ አይገኝም ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ቤቱ ተቀምጧል። ከአዋሽ ኮምቦልቻ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጭነት ባቡር ነድቶ፣ ባቡሩ በገዛ ራሱ መሄድ ሲጀምር የምስክር ወረቀት፣ የግድግዳ ሰዓትና የሁለት ደቂቃ ጭብጨባ ተሰጥቶት ተሰናበተ። የባለቤቱ የመዲና የስፌት መኪና ያለው ሳሎን ውስጥ ስለሆነ፣ ሴቶች ለልኬት በመጡ ቁጥር ይመር ተነስቶ ጓዳ ይገባል። ልኬቱ ሲያልቅ ይወጣል። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ። ዕድሜው ሃምሳ አራት ነው። የሚመኘውም ትልቅ ነገር አልነበረም፤ ጠዋት ከቤት ወጥቶ ማታ መመለስ፣ ሲመለስም «እንዴት ዋልክ?» መባል ብቻ ነበር።

አርባው ደቂቃ ሲሞላ ስልኩ አጭር ዜማ አሰማ። አልፏል።

ሥራው ከከተማው ዳር፣ ከደረቅ ወደቡ ጎን ባለው «ጥላ» በተባለ ቀዝቃዛ ማከማቻ ነበር። ዘጠኝ አዳራሾች አሉት። ጽጌረዳው፣ ሥጋው፣ መድኃኒቱ፣ የዘር ድንቹ ሾፌር በሌለው መኪና ይመጣል፣ ይራገፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይወጣል፤ የሰው እጅ አይነካውም። ሆኖም አንድ ነገር ሲበላሽ ማሽን ፍርድ ቤት ቀርቦ «አቤት» ስለማይል፣ አዋጁ እንዲህ ያለ ተቋም ሁሉ አንድ ተጠያቂ ሰው እንዲኖረው ያዛል። ሥራው ይኸው ነው፤ ጠዋት በሁለት ሰዓት ገብቶ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ማታ «ማሽኑ ዛሬ ላደረገው ሁሉ ተጠያቂ ነኝ» በሚለው ሥር ፈርሞ ወደ ቤት መሄድ። ማስታወቂያው ላይ መደቡ «ተጠያቂ፣ ደረጃ ሦስት» ይላል። ደረጃ አንድና ደረጃ ሁለት የት እንዳሉ የሚያውቅ አልተገኘም።

ለዚህ ወንበር አሥራ ሰባት ዙር ተመደበለት። «በዛ» ያለ ሰው አልነበረም። በ2081 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ አትክልተኛ ለመሆን ሃያ አንድ፣ ለትርፍ ሰዓት ጽዳት አሥራ አራት ዙር ይጠየቅ ነበር። ቤት አከራዮች «ውሃ፣ መብራትና የቃለ መጠይቅ ጥግ ያለው» እያሉ ያስተዋውቃሉ፤ ጥጉ ማለት ነጭ የተቀባ ግድግዳና አንድ የፕላስቲክ አበባ ነው። መዲናም ኑሮዋን የያዘችው በቃለ መጠይቅ ሸሚዝ ነበር። ኮሌታውና ደረቱ ብቻ የተሰፋ፣ ከኋላ በሁለት ጥብጣብ የሚታሰር፣ ጀርባ የሌለው ሸሚዝ። ጀርባ የሚያይ መልማይ ስለሌለ ጨርቅ ማባከን አያስፈልግም። ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ «ሥራ እንዴት ነው?» መባባሉ ቀርቶ «ስንተኛ ዙር ደረስክ?» ሆኗል።

ለይመር ሰማያዊ ሰፋችለት።

ሁለተኛው ዙር መቶ ጥያቄ ነበር፣ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው መልማዩ የወሎ ሰው ሆኖ መጣ። ተወዳዳሪ በአገሩ አነጋገር ሲጠየቅ ዘና እንደሚል በጥናት ተረጋግጧል ይባላል።

«እንደምን አደሩልኝ ጋሼ! ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ ከብቱ፣ ሁሉ ደህና?»

«ከብት የለኝም» አለ ይመር።

«እሰይ፣ አልሐምዱሊላህ! እስቲ በሥራ ዘመንዎ ካጠፉት ጥፋት አንዱን ያጫውቱኝ።»

ይመር እውነቱን ነገረው። ሥራ በጀመረ በሦስተኛ ዓመቱ ከአጣዬ አለፍ ብሎ አንዲት ቀይ ላም ሐዲዱ ላይ ተኝታ ከሩቅ አየ። ትነሳለች ብሎ ፍሬን ለመያዝ ዘገየ። አልተነሳችም። ባቡሩን አቁሞ ወርዶ ባለቤቷ ፊት ቆመ። ሴትዮዋ አልሰደበችውም፣ አላለቀሰችም፤ ላሟን ብቻ ዝም ብላ አየች። ይመር እስከ ዛሬ የሚያስበው ያንን ዝምታ ነው።

«እንዴት ደስ ይላል!» አለ መልማዩ። «ከዚህ ያገኟቸውን ሦስት ትምህርቶች ይዘርዝሩልኝ።»

ይመር ብዙ አሰበ። ያገኘው አንድ ብቻ ነበር፤ «ፍሬን በጊዜ መያዝ።» መልማዩ የቀሩትን ሁለቱን ሰባት ደቂቃ በትዕግሥት ጠበቀ።

አራተኛው ዙር በቡድን ነበር። አምስት ተወዳዳሪዎች አንድ ክፍል ገብተው ከባዶ ሣጥን ግንብ እንዲሠሩ ታዘዙ፤ ለአምስት ሰው የተሰጣቸው ሣጥን አራት ነው። እዚያ ነው እፁብ የምትባል ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት ያወቀው። እፁብ በአንድ ጊዜ በአሥራ አንድ ቦታ ትወዳደር ነበር። በሕይወቷ ተቀጥራ አታውቅም፤ በመወዳደር ግን የሚስተካከላት አልነበረም። ይመር የላሟን ነገር ሲያጫውታት ሣጥኗን አስቀምጣ አየችው።

«ጋሽ ይመር፣ ላም አይበሉ።»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«‹ያልተጠበቀ ተግዳሮት› ይበሉ። ሴትዮዋንም ይተዉአት። ሞተች የሚለውንም ይተዉት።»

«ሞታለችኮ!»

«‹ሂደቱ ተጠናቀቀ› ይበሏ።»

መልማዩ ጥፋቱን በየዙሩ ደግሞ ይጠይቅ ስለነበር ይመር ምክሯን ሰማ። በስድስተኛው ዙር ላሟ ቆሰለች፣ በስምንተኛው ከነሕይወቷ ተረፈች። በዘጠነኛው መልማዩ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ በሦስተኛው ዙር ላሟ ቀይ ነበረች። አሁን ጥቁር ሆናለች። በመካከሉ ምን ተፈጠረ?»

«መሸ» አለ ይመር።

ለተጫዋችነት አንድ ነጥብ ተሰጠው።

አሥረኛው ዙር የሰፈሩ ነበር። የቅሬው፣ የሰፈሩ እድር፣ ዳኛ ሀጅ እብሬ በስልክ ተጠየቁ። ይመር ለቀብር ይደርሳል ወይ፣ ሲደርስ ይሠራል ወይስ ይመለከታል፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ በስንት ቀብር ላይ አመራር አሳይቷል? ሀጅ እብሬ ድንኳን በመትከል የሚወዳደረው እንደሌለ መሰከሩ። ከዚያ እውነተኛ ሰው ስለሆኑ፣ ባለፈው ሰኔ አንድ ካስማ ረስቶ ድንኳኑ ለቀስተኛው ላይ መውደቁንም ጨመሩ። ለይመር በደረሰው ወረቀት ላይ ይህ «በሐዘን ወቅት የመሠረተ ልማት ውድቀት» በሚል ሰፍሯል።

አሥራ ሁለተኛው የቤተሰብ ዙር ነው። መዲና ጓዳ ገብታ በሩን ዘግታ አንድ ሰዓት ተኩል ተጠየቀች። ውጤቱ በማግስቱ መጣ፦ የቤተሰብ ምስክርነት፣ ስልሳ አንድ ከመቶ።

«ሠላሳ ዘጠኙን ምን ብለሽ ነው ያስቆረጥሽኝ?»

«የጠየቁኝን መለስኩ።»

«ምን ጠየቁሽ?»

«ያንኮራፋል ወይ አሉኝ፤ አዎ አልኩ።»

«ለማንኮራፋት ሠላሳ ዘጠኝ ይቀነሳል?»

መዲና ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ሲያጠፋ ጥፋቱን ያምናል ወይ አሉኝ። ያምናል፣ ግን ይዘገያል አልኩ።»

«እንደዚህ አልሽ?»

«ሃያ ስድስት ዓመት አብሬህ ኖሬ ምን እንድል ፈለግህ? እኔ እንደሆነ ይህን ግማሽ ሸሚዝ መስፋት እንጂ መልበሱን አላውቅበትም።»

ሦስት ቀን ተኳረፉ። በአራተኛው ቀን መልማዩ ደወለና «በቤትዎ ውስጥ ያለውን ውጥረት እንዴት እየያዙት ነው?» ሲል ጠየቀ። አሥራ ሦስተኛው ዙር መሆኑ ነው።

አንድ ዓመት ከሁለት ወር አለፈ። አሥራ ስድስተኛው ዙር የተግባር ልምምድ ነበር፤ ስድስት ሳምንት በማከማቻው ውስጥ፣ በራሱ በወንበሩ ላይ። ይመር መጀመሪያ ቀን ጠዋት በር ላይ ሲቆም መዲና ትከሻውን ጠራረገችለት። ምንም የሚጠረግ ነገር አልነበረውም። ማታ ሲመለስ «እንዴት ዋልክ?» አለችው፤ «ተቀምጬ» አላት፤ ሁለቱም ሳቁ። ያን ሳምንት ቤቱ ውስጥ ደስታ ነበር ማለት ይቻላል።

ወንበሩ ስድስተኛው አዳራሽ ፊት ለፊት ነው። አዳራሹ ውስጥ የለጋምቦ ገበሬዎች ማኅበር አራት መቶ ኩንታል የዘር ድንች አለ። ከበሩ በስተግራ፣ ከመስታወት ጀርባ፣ ቀይ እጀታ ይታያል፤ ማሽኑን ትቶ ማቀዝቀዣውን በእጅ የሚያስነሳ ነው። ከሥሩ «ለሠራተኛ ብቻ። ተወዳዳሪ ከነካ ከውድድር ይሰረዛል» ይላል። ይመር ማንበቡን ፈርሟል።

በአምስተኛው ሳምንት ሰኞ፣ ከባቡር ዘመኑ በቀረ ልማድ፣ ሲያልፍ መዳፉን በሩ ላይ አሳረፈ። በሩ ቀዝቃዛ አልነበረም።

«ስድስተኛው አዳራሽ ሞቋል» አለ ወደ ጣሪያው። ማሽኑና መልማዩ አንድ ይሁኑ ሁለት ለይቶ አያውቅም፤ የሚመልስለት ድምፅ ግን ያው የወሎው ነበር።

«ለትዝብትዎ እናመሰግናለን ጋሼ! ኃይሉ ለጊዜው ለውጭ ገበያ ጽጌረዳ ተዛውሯል። ለንቁነትዎ ሁለት ነጥብ አግኝተዋል።»

ማክሰኞ በሩ የሰው ገላ ያህል ሞቀ። አሁንም ተናገረ፣ አሁንም ሁለት ነጥብ ተጨመረለት። ረቡዕ ከበሩ ሥር ጣፋጭነት ያለው፣ ግን ደስ የማይል ሽታ መጣ። ሌላ ሁለት ነጥብ። እፁብ ደውላ «ጋሽ ይመር፣ አንደኛ ሆነዋል እኮ! የነጥቡን ሰንጠረዥ ሁላችንም እያየን ነው» አለችው። ያን ምሽት እራት ላይ ለመዲና ነጥቡን ነገራት፤ ነጥቡ ከምን እንደመጣም ስትጠይቀው ነገራት። መዲና ጉርሻዋን ሳህኑ ላይ መለሰች።

«ድንቹ እየበሰለ አንተ ነጥብ ትለቅማለህ?»

«ተናግሬያለሁ። ሦስት ጊዜ ተናግሬያለሁ።»

«ለማን?»

«ለማሽኑ።»

«ያጠፋውስ ማን ነው?»

ይመር ተነስቶ እጁን ታጠበ። የቀረው አንድ ሳምንት ነበር። አንድ ሳምንት ዝም ብሎ ቢቀመጥ አሥራ ሰባተኛው ዙር ይደርሳል፤ እሱም ሰው ራሱ ፊት ለፊት የሚያነጋግርበት ነው ይባላል፤ እዚያ የደረሰ ሰው ወድቆ አያውቅም ይባላል። ሲነጋ ተነስቶ ወደ ሥራው፣ ማለት ወደ ዙሩ፣ ሄደ።

ሐሙስ ከረፋዱ በአራት ሰዓት በሩን ነካ። ወዲያው እጁን ሰበሰበ። ወንበሩ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ተነሳ። እንደገና ተቀመጠ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ በተረከዙ መስታወቱን ሰበረና እጀታውን ሳበ።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር አቃሰተና መሽከርከር ጀመረ። ይመር እጀታውን ሲለቀው ተመልሶ ወጣ፤ መሽከርከሩም ቆመ። እንደገና ሳበው። የሚሠራው እጀታው እንደተያዘ ብቻ ነበር።

«ጋሼ» አለ ድምፁ ሳይቆጣ፣ «የተወዳዳሪ ደንብ ጥሰዋል። እጀታውን ይልቀቁ።»

«አለቅም።»

«ተረድቻለሁ። ይህን ውሳኔ ሲወስኑ ምን ተሰማዎት?»

ይመር ቀኝ እጁ ሲደነዝዝ በግራው ያዘ። ግራው ሲዝል ቀበቶውን ፈትቶ እጀታውን ከወገቡ ጋር አሰረና በሰውነቱ ክብደት ተንጠለጠለ። ከአራት ሰዓት ጀምሮ፣ ጽጌረዳው ተጭኖ ኃይሉ ወደ አዳራሹ እስከተመለሰበት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል እንዲያ ቆየ። በዚህ ሁሉ ጊዜ መልማዩ ጥያቄውን አላቋረጠም። በጫና ሥር መሥራት ይችላሉ? ከአምስት ዓመት በኋላ ራስዎን የት ያዩታል? በቡድን ነው ወይስ ብቻዎን መሥራት የሚመርጡት? ይመር ላብ ዓይኑ ውስጥ እየገባ «ሰው ላኩ» ይል ነበር። የተላከ ሰው አልነበረም። የሚላከው ሰው እሱ ነበር።

አሥራ ሰባተኛው ዙር በሳምንቱ ሆነ። እውነትም ስክሪኑ ላይ ሰው መጣ፤ ሃያ ስምንት ዓመት የማይሞላው፣ ብሩክ ነኝ ያለ ልጅ እግር ጎልማሳ። የለበሰው ሸሚዝ የመዲና ስፌት እንደሆነ ይመር ከኮሌታው ለየ።

«አቶ ይመር፣ እንደ ሰው ለሰው ልንገርዎት፣ በጣም አዝናለሁ» ብሎ ጀመረ፤ ዓይኑ ከሚያነብበት ወረቀት አልተነሳም። «ውሳኔው ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ለሦስት ቀን ጉዳቱን እያዩ እርምጃ ባለመውሰድዎ። ሁለተኛ፣ በአራተኛው ቀን ያለ ሥልጣንዎ እርምጃ በመውሰድዎ።»

«ሁለቱ አብረው እንዴት ይሄዳሉ?»

«በተለያየ አንቀጽ ነው ያሉት።» ወረቀቱን ገለበጠ። «በተጨማሪም ድንቹ ስለተበላሸ ለደረሰው ጥፋት ተጠያቂው እርስዎ ነዎት። ለመደቡ ደግሞ ከጥፋት ነፃ የሆነ ታሪክ ያስፈልጋል። ስለዚህ እንዳለመታደል ሆኖ...»

«ቆይ እንጂ» አለ ይመር። «አልቀጠራችሁኝም። ታዲያ እንዴት ነው ተጠያቂ የምሆነው?»

«አዋጁ ‹በመደቡ ላይ ወይም ለመደቡ በሂደት ላይ ያለ ሰው› ነው የሚለው።»

«ከእኔ በፊት ወንበሩ ላይ ማን ነበር?»

«ተወዳዳሪ።»

«ከእሱስ በፊት?»

ብሩክ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየው። «ተወዳዳሪ ይመስለኛል።»

«አንተ ነህ ኃላፊው?»

«እኔ?» ወጣቱ ዙሪያውን አየና ድምፁን ቀነሰ። «እኔ እንኳን ዘጠነኛ ዙር ላይ ነኝ። መጥፎ ዜና የመንገር ፈተና ነው። እባክዎ ጋሼ፣ ሲጨርሱ ከአምስት ስንት እንደሚሰጡኝ ይጠይቅዎታል።»

ይመር አምስት ሰጠው። ልጁ ምን አደረገ?

ከሦስት ቀን በኋላ ሰዎች በሩን አንኳኩ። ይመር ለልኬት የመጡ መስለውት እንደልማዱ ተነስቶ ወደ ጓዳ ሲገባ መዲና ጠራችው። «ና ተመለስ። የመጡት አንተ ዘንድ ነው።»

አንዲት ስልሳ አምስት ዓመት የሚሆናቸው ሴትና ሁለት ወንዶች በሩ ላይ ቆመዋል፤ ጋቢያቸው የመንገድ አቧራ ይዟል። ሴትዮዋ በእጃቸው ወረቀት አለ።

«ይመር አበጋዝ የምትባለው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሰው ነህ?»

«አዎ።»

«ይመስገነው» አሉና ሳይጋበዙ ተቀመጡ። «ጦይባ እባላለሁ፤ የለጋምቦ ማኅበር ሰብሳቢ ነኝ። አራት ቀን ሙሉ ከዚያ ድምፅ ጋር ስንከራከር ነበር። ለስሜታችሁ ዋጋ እሰጣለሁ ይለናል። እኛ የጠየቅነው ስለ ድንቹ ነው። በመጨረሻ ተጠያቂው ይህ ነው ብሎ ስምህን ሰጠን። በል ተናገር።»

ይመር አፉን ሲከፍት ከዓመት በላይ የተለማመደው ቃል ቀድሞ ወጣ። «እንግዲህ ያጋጠመን ያልተጠበቀ ተግዳሮት...»

ወይዘሮ ጦይባ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ይመር ንግግሩን ቆረጠ። ፊቱን በመዳፉ አሻሸና እንደገና ጀመረ።

«ሰኞ በሩን ነካሁት፣ ሞቋል። ለማሽኑ ነገርኩ። ማክሰኞ ይበልጥ ሞቀ። ረቡዕ ሸተተ። ማቀዝቀዣውን የሚያስነሳ እጀታ አጠገቤ ነበር፤ ከነካሁት ሥራውን አላገኝም። ሐሙስ ነው የሳብኩት።»

«ሰኞ ብትስበው ይተርፍ ነበር?»

«ሁሉም ይተርፍ ነበር።»

«ታዲያ ሰኞ ምን ያዘህ?»

«ሥራ ፈለግሁ።»

ከሁለቱ ወንዶች አንዱ ብድግ ብሎ ወጣ፤ ደጁ ላይ ሲራገም ተሰማ። መዲና የስፌት መኪናውን ጎማ በእጇ ይዛ እንደቆመች ቀረች። ወይዘሮ ጦይባ ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፉት።

«ለዘንድሮ የሚተከለው እሱ ነበር» አሉ። «ሌላ ዘር የለንም።»

«አውቃለሁ።»

«ምን ታውቃለህ!» አሉ። «ምንም የሚተርፍ የለውም?»

ይመር ቀና አለ። ይህን የጠየቀው ሰው እስካሁን አልነበረም። «በበሩ በኩል ያለው ማቀዝቀዣው ስለደረሰው የተረፈ ይመስለኛል። ግን ጆንያ በጆንያ በእጅ መለየት አለበት። ማሽኑ ሁሉንም ጠቅልሎ ጥፋት ብሎ መዝግቦታል፤ እሁድ ይቀበራል።»

«እንዲወጣ የማን ፊርማ ነው የሚፈለገው?»

ይመር ሊመልስ አፉን ከፈተና መጀመሪያ መዲናን አየ፤ መዲናም ገብቷት ኖሮ ሳቅ ከንፈሯ ላይ መጣ።

«የተጠያቂው» አለ።

በማከማቻው በር ላይ ድምፁ «ውድ የቀድሞ ተወዳዳሪ» ብሎ ተቀበለው። የወሎውን አነጋገር ትቶታል፤ ለወደቀ ሰው አያስፈልግም መሰለኝ። ይመር ስሙን ተናገረ፣ ስድስተኛው አዳራሽ እንዲከፈት ጠየቀ።

«ይህ ድንች ወጥቶ ባይበቅል ተጠያቂው ማን ነው?»

«እኔ።»

«ሌላስ ጉዳት ቢያስከትል?»

«እኔ ነኝ አልኩህኮ።»

ማሽኑ ለአፍታ አሰላ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ የሚል ሰው ከተገኘ ሌላው ነገር ለማሽን ቀላል ነው። በሩ ተከፈተ።

ሽታው ሰዎቹን ወደ ኋላ መለሳቸው። ከዚያ አፍንጫቸውን በነጠላ አስረው ገቡ። ከለጋምቦ ሌሎች ሠላሳ ያህል ሰዎች መጡ፤ መዲናም ስፌቷን ዘግታ መጣች። ሦስት ቀን ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ለዩ። ከየጆንያው አንድ አንድ እየቆረጡ ያያሉ፤ ልቡ ነጭ ከሆነ ወደ ቀኝ፣ ከጠቆረ ወደ ግራ። የግራው ክምር ቶሎ ቶሎ ያድግ ነበር። ያ በመጀመሪያው ቀን ተራግሞ የወጣው ሰው ለይመር ቢላዋ ሲያቀብለው ፊቱን አዙሮ ነው። ይመርም እንዲያየው አልጠየቀም። በሁለተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ፤ ስለ ምልመላው ያለውን እርካታ እንዲገልጽ ሦስት ዙር ያለው አጭር መጠይቅ ተልኮለታል። ከሥሩ አዲስ ማስታወቂያ አለ፤ ተጠያቂ፣ ደረጃ ሦስት፣ አሥራ ስምንት ዙር። እፁብ አመልክታለች። ስልኩን በበሰበሰው ክምር ላይ ወርውሮ ጥቂት አሰበና፣ የድሮ የዕቃ ፍቅር ይዞት ተመልሶ አነሳው።

ቅዳሜ ከሰዓት ቆጠሩ። ከአራት መቶው ኩንታል አንድ መቶ ሰባ ሁለት ተረፈ። ማንም አላጨበጨበም።

የመጨረሻው መኪና ሲጫን ወይዘሮ ጦይባ ጭቃ የነካ እጃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ መጡ።

«ይቅር አላልኩህም» አሉት።

«ይሉኛል ብዬም አልመጣሁ።»

«እስክንተክል ሦስት ሳምንት አለ። ዘሩ የሚያድረው እኛ ጋ፣ ድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። ብርዱን አገሩ ይሰጠናል፤ መስኮቱን በጊዜው የሚከፍትና የሚዘጋ፣ በየቀኑ እጁን እያስገባ የሚነካ ሰው ነው ያጣነው። ከዚያ በላይ ሥራ የለኝም።»

መዲና ከጎኑ ቆማ ነበር። ክርኑን ገፋ አደረገችው።

«እሺ» አለ ይመር። ከዚያ ከዓመት በላይ ሰውነቱ ውስጥ የገባ ልማድ አስገድዶት ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እጁን ጭኑ ላይ አደረገ። «ሌላ የሚጠይቁኝ ነገር አለ?»

ወይዘሮ ጦይባ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ምን ልጠይቅህ? ያጠፋኸውን ነግረኸኛል። በል መኪናው ላይ ውጣ፣ ሊሄድ ነው።»

ጆንያዎቹ መካከል ቦታ ፈልጎ ወጣ።